የቤት ፕሮጀክተር ስክሪን በትንሽ ወጪ ስለመሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎጃም ውስጥ፣ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከጣውላ መሸጫ፣ ከጨርቅ ተራና ከባነር ማተሚያ ቤት በሚገኝ ዕቃ ስክሪን ለመሥራት ላሰቡ የተዘጋጀ ነው። የኢንች ቁጥሩ እንደ ቴሌቪዥን ከጥግ እስከ ጥግ የሚለካው ነው፤ የቀረው ልክ፣ ሌላ መለኪያ ካልተጠቀሰ፣ በሴንቲ ሜትር ነው።

ነጭ ግድግዳ እያለ ስክሪን ለምን ያስፈልጋል?

ግድግዳው ለጥ ያለ፣ ነጭና የማያብለጨልጭ ከሆነ አያስፈልግም። የሚቸግረው ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ግድግዳ ማግኘቱ ነው። በልስን ላይ ያለ ጉብታ ሥዕሉ ቆሞ እያለ ላይታይ ይችላል፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ግን ጉብታው ባለበት ይቀርና በሰዎቹ ፊት ላይ ሲንሸራተት ይታያል። አንዴ ዓይን ከያዘው አይለቅም። ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ መሃሉ ላይ ደማቅ ክብ ያወጣል። ክሬም የተቀባው ደግሞ በረዶውንም ሸማውንም ቢጫ ያደርገዋል። ኖራ የተቀባ የጭቃ ግድግዳ ቀለሙ መጥፎ አይደለም፤ ዱቄቱ እየተራገፈ የፕሮጀክተሩን ማጣሪያ ይደፍናል እንጂ።

ስንት ኢንች ይሁን?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 120 ኢንች ሠርቶ ሥዕሉ የደበዘዘበት ሰው የሚወቅሰው ጨርቁን ነው፤ ጥፋቱ ግን የልኩ ነው። ከፕሮጀክተሩ የሚወጣው ብርሃን መጠኑ ያው ነውና ሥዕሉ በሰፋ ቁጥር ይሳሳል። ከ60 ወደ 120 ኢንች ሲሄዱ ስፋቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ድምቀቱ ሩብ ይሆናል። የትኛውም በቤት የሚሠራ ነጭ ስክሪን ይህን አይመልስም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፕሮጀክተሩን ሉመን፣ ማለትም የሚያወጣውን የብርሃን መጠን፣ በስክሪኑ ስፋት (ወርድ ሲባዛ በቁመት) በካሬ ሜትር ያካፍሉ፤ የተገኘውን እንደገና በ3.14 ያካፍሉ። ውጤቱ የድምቀቱ መጠን ነው፤ መለኪያው በካሬ ሜትር ካንዴላ ይባላል። ሲኒማ ቤቶች በጨለማ አዳራሽ የሚይዙት ደረጃ 48 ነው። 200 ሉመን የሚሰጥ ትንሽ ኤልኢዲ ፕሮጀክተር በ60 ኢንች ላይ 64 ገደማ፣ በ80 ኢንች ላይ 36፣ በ100 ኢንች ላይ 23 ይሰጣል። 500 ሉመን ያለው በ100 ኢንች ላይ 57 አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ በ200 ሉመን 100 ኢንች መሥራት ጨርቅ ማባከን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ያለው ሉመን አንሲ (ANSI) ሉመን የሚባለው፣ በመደበኛ ደረጃ የተለካው ነው። በርካሽ ፕሮጀክተር ካርቶን ላይ በሺዎች ተቆጥሮ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። በካርቶኑ ላይ «አንሲ» የሚል ቃል ከሌለ ቁጥሩን አይመኑት፤ ከ60 እስከ 80 ኢንች ባለው ውስጥ ይቆዩ።

ወርዱ ከቁመቱ ጋር 16 በ9 የሆነ ሥዕል ልክ ይህ ነው፦ 60 ኢንች 133 በ75፣ 80 ኢንች 177 በ100፣ 100 ኢንች 221 በ125፣ 120 ኢንች 266 በ149። ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ፕሮጀክተር ከሆነ ግን ሥዕሉ 4 በ3 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 80 ኢንቹ 163 በ122 ነው። ፍሬም ከመቁረጥዎ በፊት ፕሮጀክተሩን ያብሩና የሥዕሉን ወርድና ቁመት በሜትር ለክተው ያረጋግጡ።

ክፍሌ ጠባብ ነው። ያ ልክ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?

ፕሮጀክተሩን ከግድግዳ ልክ 2 ሜትር ላይ ያስቀምጡና የሥዕሉን ወርድ ይለኩ። 2ን ለተገኘው ወርድ ያካፍሉ። ለምሳሌ ወርዱ 1.40 ሜትር ቢሆን 1.43 ይመጣል። ለ80 ኢንች 1.77 በ1.43 ሲባዛ 2.53 ሜትር ርቀት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለፕሮጀክተሩ ጀርባ አየርና ገመድ የሚሆን ሌላ 30 ሴንቲ ይጨምሩበት። ሥዕሉን በዙም የሚያጠብና የሚያሰፋ ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ይለኩ።

ጨርቁ ምን ይሁን?

ከገበያ የሚገኙትን በምንመርጥበት ቅደም ተከተል እናስቀምጣቸው።

አንደኛው ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ የመጋረጃ ገበር ነው። ጀርባው ላይ ጎማ መሰል ልባስ ስላለው ከኋላ ያለ መስኮትም ሆነ የግድግዳ ቀለም አያልፍበትም። ሁለቱን ገጽ ይመልከቱና ብዙም የማያብለጨልጨውን ወደ ፊት ያድርጉ። የመጋረጃ ጨርቅ አንዳንዱ ወርዱ 2.80 ሜትር ስለሚሆን ለ100 ኢንችም ያለ ስፌት ይበቃል።

ሁለተኛው ያልታተመበት ባነር ነው። ባሕር ዳርም ማርቆስም ባነር የሚያትሙ ቤቶች አሉ፤ ጥቅሉ እስከ 3.20 ሜትር ወርድ ስላለው ስፌት የሚባል ጣጣ የለበትም። ሲጠይቁ «ማት» የሚባለውን (የማያብለጨልጨውን)ና ጀርባው ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነውን ይበሉ። አብለጭላጩ ባነር ከፊት ለፊት ሲያዩት የሚያምር ይመስልና ከጎን የተቀመጠው ሰው ግማሹን ሥዕል ጨለማ ያየዋል። ሻጩ ባነሩን አጥፎ እንዳይሰጥዎ፤ እጥፋት ያረፈበት ባነር መስመሩ ቶሎ አይወጣም። በቱቦ ወይም በካርቶን ጥቅል ላይ ጠቅልለው ይውሰዱት። ሽታው ካስቸገረ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያውሉት፤ ሲሞቅም ይለሰልሳል፣ መወጠሩ ይቀላል።

ሦስተኛው አቡጀዲ ነው። ከሁሉም ይረክሳል፤ ገጹም ፈጽሞ ስለማያብለጨልጭ ከየትኛውም ጎን አንድ ዓይነት ይታያል። ጉድለቱ ስስነቱ ነው፤ ብርሃኑ ከፊሉ ሾልኮ ወደ ኋላ ያልፋል። ስለዚህ ድርብ ያድርጉት። የኋላው ጨርቅ ነጭ ከሆነ ያለፈው ብርሃን ተመልሶ ይመጣል፤ ጥቁር ከሆነ እዚያው ይጠፋል። ጥቁር የሚያስፈልገው ከስክሪኑ ጀርባ መስኮት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያኔም ከሁለቱ ነጮች ኋላ በሦስተኛነት ይገባል። ሁለቱ ነጮች ተጣብቀው መወጠር አለባቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት ካለ ጽሑፉ ጥላ አውጥቶ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ጥጥ ይሰበሰባልና።

ሱቅ ውስጥ በሞባይል ባትሪ ሦስት ነገር ይፈትኑ። ከጀርባ አብርተው ምን ያህል እንደሚያልፍ ይዩ። ከጎን አግድም አብርተው ያብለጨልጭ እንደሆን ይዩ። ከዚያ ነጭ የጽሕፈት ወረቀት ላዩ ላይ አድርገው ቀለሙን ያስተያዩ፤ ወደ ቢጫ ያዘነበለውን ይተዉት። ሳቲንና የሚያንሸራትት ፖሊስተር ሁለተኛውን ፈተና አያልፉም።

አንሶላ ወይም ጋቢ አይሆንም?

አንሶላ ለሙከራ ይሆናል፤ እንደ ነጠላ አቡጀዲ ይቁጠሩት። ጋቢ ግን አይሆንም። የእጅ ፈትል ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ሥዕሉ ላይ ሽንትር ያወጣል፣ በክብደቱም ይረግባል። የማርቆስ ምሽት ደግሞ ጋቢው ትከሻ ላይ እንዲሆን ነው የሚፈልገው።

ፍሬሙ እንዴት ይሠራል?

ለ80 ኢንች የሚሆነውን እንዘርዝር፤ ሌላውን ልክ በዚሁ መንገድ ያወጡታል። የሥዕሉ ቦታ 177 በ100 ነው። በዙሪያው 6 ሴንቲ ጥቁር ጠርዝ ሲጨመር የፍሬሙ የውጭ ልክ 189 በ112 ይሆናል።

የሚገዛው፦ ባለ 4 ሜትር ሁለት ሞራሌ፣ 4 በ5 ሴንቲ የሆነ፤ 8 ሴንቲ ርዝመት ያላቸው 12 የእንጨት ብሎኖች፣ ለጥግ ማጠናከሪያ ደግሞ 6 ሴንቲ የሆኑ 8፤ 2.10 ሜትር ጨርቅ፣ ወርዱ ከ1.35 ሜትር ያላነሰ (አቡጀዲ ከሆነ እጥፉን፣ በመታጠብ የሚሰበሰበውም ታስቦ ትንሽ ጨምሮ)፤ 2 ሜትር ጥቁር ከፋይ፤ ትንሽ ቪናቪል ኮላ፤ ብርጭቆ ወረቀት፤ አንድ ካርቶን የስቴፕል ሽቦ፣ እግሩ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር የሆነ። የስቴፕል ሽጉጡን መግዛት አያስፈልግም፤ ሶፋ ሠሪዎች ዘንድ አለ፣ ለአንድ ከሰዓት ማከራየት የማይፈልግ ካገኙ ፍሬሙን ወስደው እዚያው ያስወጥሩት።

እንጨቱ ላይ አይቸኩሉ። በአካባቢያችን በብዛት የሚሸጠው ባሕር ዛፍ ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል። የተጣመመ ፍሬም ደግሞ ጨርቁን በአንድ ጥግ ያረግበዋል፤ ያኔ ማስተካከያ የለውም። እያንዳንዱን ሞራሌ አንድ ጫፉን ዓይንዎ ሥር አድርገው እስከ ሌላው ጫፍ ይዩት፤ ቀጥ ካላለ ይመልሱት። ከክብደቱም ያውቁታል፤ እርጥቡ በጣም ይከብዳል። ደረቅ ግራቪሊያ ወይም ጽድ ከተገኘ ይቀላል፣ ብዙም አይጣመምም። ዋንዛ ያማረ እንጨት ነው፣ ግን ከፋይ ለሚሸፍነው ነገር ዋንዛ መግዛት ምን ያደርጋል?

አቆራረጡ፦ ከመጀመሪያው ሞራሌ ሁለት ባለ 189። ከሁለተኛው ሦስት ባለ 104፤ ሁለቱ የጎን ቋሚዎች፣ አንዱ የመሃል ቋሚ ነው። የሚተርፈው 88 ሴንቲ አራት ባለ 20 ሴንቲ የጥግ ማጠናከሪያ ይወጣዋል፤ ጫፎቻቸው በ45 ዲግሪ ይቆረጡ።

አገጣጠሙ፦ ከፊት የሚታየው የእንጨቱ 4 ሴንቲ ገጽ ይሁን፣ 5 ሴንቲው ጥልቀቱ። የጎን ቋሚዎቹ በላይኛውና በታችኛው እንጨት መካከል ይገባሉ፤ 104 እና ሁለት ጊዜ 4 ሲደመር 112 የሚሆነው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ጫፉ ላይ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ከብሎኑ በሚቀጥን መሰርሰሪያ ይበሳ፤ ኮላ ይቀባ፤ በየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት ብሎን ይግባ።

የመሃል ቋሚውና የጥግ ማጠናከሪያዎቹ ላይ አንድ ብልሃት አለ። እነሱን አዙረው ያስገቧቸው፦ 4 ሴንቲው ጥልቀት ይሁን፣ ከፍሬሙ ጀርባ ጋር እኩል አድርገው ይሰሩ። እንዲህ ሲሆን ከፊት በኩል 1 ሴንቲ ገባ ብለው ይቀራሉ፤ ጨርቁን አይነኩትም። ከጨርቁ ጋር እኩል የሆነ የመሃል ቋሚ፣ ጨርቁ በትንሹ ሲረግብ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱንም ይለኩ። ሁለቱም 219.7 ሴንቲ መምጣት አለባቸው። ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ከበለጠ ረጅሙን ጥግ ገፋ አድርገው ያስተካክሉና ያጥብቁ። በመጨረሻም የፊት ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ሹል ጠርዝ ጨርቅ ይበላል።

ብረት አይሻልም?

ለ100 ኢንችና ከዚያ በላይ ይሻላል። ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አስቆርጦ ማስበየድ ምስጥም እርጥበትም የማይነካው ፍሬም ይሰጣል። በያጁ መሬት ላይ አጋድሞ በአንድ ጎን ብቻ ከበየደው ግን ፍሬሙ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል፤ መጀመሪያ በአራቱም ጥግ ነካ ነካ አድርጎ ይዞ፣ ገልብጦ እንዲጨርሰው ይንገሩት። ብረት ላይ ስቴፕል አይገባምና ባነሩ ዙሪያውን የብረት ቀለበት ይመታበትና በገመድ ይጠለፋል።

ጨርቁን ስወጥር ሁልጊዜ ይጨማደድብኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ምናልባት ከጥግ ጀምረው ይሆናል። ብራና የሚፍቅ ሰው ቆዳውን ሲወጥር አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቀ ነው የሚስበው። ጨርቅም እንዲሁ ነው። ፍሬሙን ጨርቁ ላይ በፊቱ ደፍተው፣ ጨርቁ በየአቅጣጫው 10 ሴንቲ ያህል ተርፎ ወደ ጀርባ ሲታጠፍ፣ በላይኛው እንጨት መሃል አንድ ስቴፕል ይምቱ። ከዚያ በታችኛው መሃል፣ በግራ መሃል፣ በቀኝ መሃል። ከዚያ ከየመሃሉ ወደ ጥግ በ5 ሴንቲ ልዩነት፣ ሁለት ወደ ላይ ሁለት ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ግራ ሁለት ወደ ቀኝ እያሉ ይሂዱ። ጥግ የመጨረሻ ነው። በጠቅላላው 120 ገደማ ስቴፕል ይገባል።

የጨርቁ ክር አቅጣጫ ከፍሬሙ ጋር ትክክል መሆኑንም ይዩ፤ ተንጋድዶ የተወጠረ ጨርቅ ከጥግ ወደ ጥግ ሞገድ ያወጣል። አቡጀዲ ከሆነ ተወጥሮ ካለቀ በኋላ ከጀርባው ውሃ ርጨት ያድርጉበት፤ ሲደርቅ ይሳብና የቀረውን ሽብሽብ ራሱ ይጨርሰዋል። ባነር ከሆነ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይወጠር። የመጋረጃ ገበር ላይ ግን ካውያ በልባሱ በኩል አይነካ፤ ልባሱ ይቀልጣል።

ጥቁሩ ጠርዝ ለጌጥ ነው?

አይደለም። ሥዕሉ ከስክሪኑ ጥቂት ሲያልፍ የሚያልፈውን ይውጠዋል፤ በተጨማሪም ዓይን ከጥቁር አጠገብ ያለውን ሥዕል ይበልጥ ጥርት ያለ አድርጎ ያየዋል። ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ብርሃን ይመልሳል፤ ከፋይ ግን ይውጠዋል፣ ልዩነቱ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይታያል። ከፋዩን በ15 ሴንቲ ወርድ አራት ቦታ ይቁረጡ፤ የውስጥ ጠርዙን 1 ሴንቲ አጥፈው ይስፉ። በማስቲሽ ሲለጥፉ ስስ አድርገው፣ እንጨቱ ባለበት ብቻ ይቀቡ። ማስቲሽ ወደ ነጩ ጨርቅ ከሰረገ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ አይለቅም። ወደ ውስጥ የሚያልፈው 2 ሴንቲ ሳይለጠፍ ይተው።

ግድግዳውን ራሱን ስክሪን ላድርገው ብልስ?

ቦታውን የማይለውጥ ሰው ከሆኑ ከሁሉም ይረክሳል። በእርሳስ 189 በ112 ያስምሩ። አሮጌውን ቀለም ይፋቁ፣ ስቱኮ ሁለት ጊዜ ይሳቡ፣ እያንዳንዱ በደንብ ይድረቅ። መጀመሪያ በቁጥር 120፣ ከዚያ በ220 ብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ከዚያ ክፍሉን አጨልመው የሞባይል ባትሪ ግድግዳው ላይ ጎኑን አስጠግተው ያብሩ፤ ጉብታው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ጥላው እስኪጠፋ ይመላለሱበት። ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ ቀለሙ የግማሽ ቀን ነገር ነው።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ነጭ የውሃ ቀለም ይሁን። የመጀመሪያው ቅብ በውሃ የቀጠነ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ እንዳሉ። ጠጉሩ አጭር በሆነ ሮለር፣ የመጨረሻው እጅ ሁሉም ከላይ ወደ ታች። ብሩሽ መስመር ይተዋል። አንድ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። ሲቀቡ መሃል ላይ ቆመው ሻይ ቢጠጡ የደረቀውና እርጥቡ የተገናኙበት ድንበር ሆኖ ይታያል፤ አንዱን ቅብ ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ግራጫ ስለመቀባት የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ግራጫ ጥቁሩን ይበልጥ ጥቁር ያደርጋል፣ ነጩንም እንዲሁ ያጨልማል። ብርቱ ፕሮጀክተር ላለውና ክፍሉን ማጨለም ለማይችል ነው። ለ200 ሉመን ፕሮጀክተር ግራጫ አይቀባም፤ ያንን ገንዘብ የመስኮት መጋረጃ ይግዙበት፣ ከየትኛውም የስክሪን ዓይነት የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

አቡጀዲውን ቀለም ልቀባው?

ፍሬም ላይ ከተወጠረ በኋላ ከሆነ ይቻላል፤ ሁለት ስስ ቅብ። የሚጠቀለል ከሆነ ግን ይሰነጣጠቃል።

ቤቴ የጭቃ ነው። ስክሪኑ ግድግዳው ላይ ይቆማል?

ጨርቅ የለበሰው የ80 ኢንች ፍሬም በባሕር ዛፍ ከተሠራ 10 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በትራፓኖ በስቶ ሁለት ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ማስገባት ይበቃል። በጭቃ ላይ ፊሸር አይዝም፤ ዛሬ የያዘ ቢመስል በሳምንቱ ከነጭቃው ይወርዳል። ወይ ልስኑን መታ መታ አድርገው ቋሚ እንጨቱ ያለበትን ይፈልጉና ረጅም ብሎን እሱ ውስጥ ያስገቡ፣ ወይ ከጣሪያው እንጨት ላይ በሁለት ሽቦ ያንጠልጥሉት። ሁለተኛው ይሻላል፤ ማዘንበሉንም በሽቦው ያስተካክሉታል።

ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ። ከጀርባው በአራቱም ጥግ 3 ሴንቲ የሚሆን ቁራጭ እንጨት ይምቱበት፤ በክረምት ከግድግዳው የሚወጣው እርጥበት ጥጡን እንዳያሻግት አየር ይለፍ።

ከፍታውን ቤትዎ ውስጥ በሚቀመጡበት ነገር ይወስኑ። ተቀምጠው ዓይንዎ ከሥዕሉ የታችኛው ሲሶ ጋር እኩል ይሁን። መደብ ላይ ወይም ዱካ ላይ የሚቀመጥ ቤተሰብ ለሶፋ በተለካ ከፍታ ቢያይ አንገቱን ይታመማል። ለ80 ኢንች ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቆ መቀመጥ ደኅና ነው።

የሚጠቀለል ማድረግ እፈልጋለሁ።

ባነር ብቻ ይጠቀሙ። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ቱቦ፤ የታችኛው ውስጥ አሸዋ ሞልተው ይድፈኑት፤ ክብደቱ ነው የሚወጥረው። ባነሩ ቱቦው ላይ ትንሽ እንኳ ተንጋድዶ ከተጣበቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ጎኖቹ ወደ ፊት ይቀለበሳሉ፣ መሃሉም ሞገድ ያወጣል። ቦታ ካለ የቆመ ፍሬም ይሥሩ፤ የሚጠቀለል ስክሪን ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ለሰርግ ቪዲዮ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ማቆምስ?

ውጭ ጠላቱ ነፋስ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 3 ካሬ ሜትር ስክሪን ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል። ለ100 ኢንች 3.20 ሜትር የሆኑ ሁለት ባሕር ዛፍ ይትከሉ፤ 60 ሴንቲ መሬት ይግባ፤ ከላይና ከታች አግድም ይሰር፤ ከፊትም ከኋላም በ45 ዲግሪ ገመድ ይወጠር። የሥዕሉ ታች ከመሬት 1.20 ሜትር ይሁን፣ አለዚያ የፊተኞቹ ራስ ይጋርዳል።

ባነሩን ከፍሬሙ ጋር በገመድ ብቻ ካሰሩት ነፋሱ ቀለበቱን ይቀድደዋል። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆርጠው በየቀለበቱ ያስሩበት፤ ነፋሱ ሲመጣ ይሰጣል፣ ሲሄድ ይመልሳል። ባነሩ መሃል ነፋስ ማስተላለፊያ ቀዳዳ መብሳት የሚመክሩ አሉ፤ አይስሟቸው።

ጀንበር ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይጀምሩ። ጣና ዳር ከሆኑ ደግሞ ትንኙ ወደ ብርሃኑ ይጎርፋል፤ ከፕሮጀክተሩ ራቅ አድርገው አንድ ሌላ አምፖል ያብሩ፣ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል።

ሥዕሉ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆነብኝ።

ፕሮጀክተሩ ወደ ላይ ቀና ብሏል። በማስተካከያው ቁልፍ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን ፕሮጀክተሩ የሚያቃናው ሥዕሉን አሳንሶ ስለሆነ ጥራቱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ሌንሱ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ ይበል፤ ቁልፉን ለተረፈው ጥቂት ብቻ ይጠቀሙበት።

ፕሮጀክተሩ ይግላል፣ አንዳንዴም ራሱ ይጠፋል። ከስክሪኑ ጋር ይያያዛል?

ከስክሪኑ ጋር አይያያዝም፤ ከአገሩ ከፍታ ጋር ግን ሊያያዝ ይችላል። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲሠሩ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለው ማስተካከያ እንዲበራ መመሪያቸው ያዛል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው መፍጠን አለበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ፣ እንጅባራ 2,500 አካባቢ። በደጋውና በወይናደጋው ጎጃም ማለት ይቻላል ሁሉም ሰው ሊያበራው ይገባል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ይልመዱት። የአየር ማጣሪያው መደፈኑንም ይመልከቱ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ መብራት ሲሄድ ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም ሙቀቱ ውስጡ ይታመቃል፤ መብራቱ ወዲያው ቢመለስም ሳይቀዘቅዝ አያብሩት።

ጽዳቱስ?

ባነርን ለስላሳ ጨርቅ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነክረው ያብሱት፤ ላርጎ ወይም በረኪና አይንካው። አቡጀዲንና ቀለም የተቀባን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ እርጥብ ጨርቅ የነካው ቦታ ክብ ሆኖ ይቀራል። ከአቧራ ይልቅ የሚያበላሸው ጭስ ነው። ምጣድ በሚጣድበት ወይም ዕጣን በሚጨስበት ክፍል የተሰቀለ ነጭ ጨርቅ ቀስ እያለ ይቢጫል፣ ሌንሱም ላይ ስስ ሽፋን ያርፋል። ቡና በሚፈላ ጊዜ በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኑት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ አውርደው ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ ከጀርባው አይጥ እንዳይገባበትም በየሳምንቱ ይዩት።